መጨረሻ የሚጠጣ ማሳ

የላይኛው ቦይ ገበሬዎች ጋሽ ቃሲም ለታችኞቹ ያደላሉ ብለው ማሉ፤ የታችኞቹ ደግሞ ለላይኞቹ ያደላሉ ብለው ማሉ። ኑርሃን ኮሌጅ ለምትማረው የማኅበረሰብ አመራር ትምህርት፣ የመስኖውን ተራ የሚያስከብሩትን የውሃ አባት የጋሽ ቃሲምን ሥራ ልታጠና ነበር የመጣችው። የደረሰችው ግን ገበሬዎቹ ሊሽሯቸው ዋርካ ሥር በተሰበሰቡበት ዕለት ሆነና፣ የማንን ቃል እንደምትጽፍ ግራ ገባት።

ጋሽ ቃሲም አልተከራከሩም። ቦይ የሚከፍቱበትን አካፋ ዋርካው ሥር አጋደሙት። “በሉ የፈለገ ያንሳው። ደንቡን ግን እንዳትረሱ፤ የውሃ አባት ማሳው መጨረሻ ነው የሚጠጣው።” ኑርሃን ቀና ብላ የሽንኩርት ማሳቸውን አየች። ግራ ቀኙ ለምልሞ የእሳቸው ብቻ መሬቱ ተሰነጣጥቆ ነበር። ሁሉም አካፋውን አየ፤ እጁን የሚዘረጋ ግን ጠፋ።

“አስፋው፣ ከሁሉ በላይ ስትጮህ የነበርከው አንተ አይደለህ? አንሳዋ!” አለች አንዲት ሴት። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። አስፋው ከላይኞቹ መሐል ወጥቶ አካፋውን አነሣ፤ ጭቃውን በእጁ ጠረገና በሁለት እጁ ለጋሽ ቃሲም አቀረበላቸው።

“አንቱ ይቀጥሉ” አለ ሁሉም እንዲሰማው ጮክ ብሎ፤ “እኛም ሐሜታችንን እንቀጥላለን።”