ከጎረቤቴ አይን የደበቅሁት በርበሬ

«አይንሽን ከቤቴ ላይ አንሺልኝ!» አልኋት...

ጎረቤቴ እናትዓለም ደነገጠች።

«ምን አደረግሁሽ እህቴ?»

«አንች ታውቂዋለሽ!» ብዬ በሩን ዘጋሁባት።

ግሽ አባይ አንድ ግቢ ውስጥ ነው የተከራየነው፣ በር ለበር።

የሷ ትንሹ ልጅና የኔ ሲና በአንድ ሳምንት ነው የተወለዱት... ያኔ ዓመት ከአራት ወር ሆኗቸው ነበር።

የሷ ግቢውን እየሮጠ ዶሮ ያባርራል።

የኔ ሲና ግን... ገና አልቆመችም። ሳቆማት እግሯ ይታጠፋል።

ለባሌ እንኳ «ሰነፍ ሆና ነው፣ ትቆማለች» እለዋለሁ። ብቻዬን ስሆን ግን አለቅሳለሁ።

ዘንድሮ ደግሞ ሁለታችንም በርበሬ ዘራን።

ከአንድ የዱርቤቴ በርበሬ ዛላ የወጣ ዘር ነው፣ ለሁለት ተካፈልነው። ቀኑ አንድ፣ አፈሩ አንድ፣ የዘራንበት የተቆረጠ የሃይላንድ ፕላስቲክ አንድ...

የሷ አጠር ብሎ፣ ግንዱ ጠንክሮ፣ አረንጓዴ ሆነ።

ቤት ውስጥ ጥግ ላይ ያስቀመጥሁት የኔ ግን እንደ ክር ቀጥኖ፣ ገርጥቶ ተኛ...

ቅናት አንጀቴን አቃጠለው!

ልጇ ይሮጣል፣ በርበሬዋ ይቆማል... የኔ ነገር ሁሉ ለምን ይወድቃል?

ደግሞ ባለፈች ቁጥር ወደ ቤቴ አንገቷን ታሰግጋለች።

«በቃ የሷ አይን ነው» አልሁ።

ችግኞቹን በነጠላ ሸፍኜ አልጋ ስር ከተትኋቸው። ሲናንማ ከተወለደች ጀምሮ ከሰው አይን ሸፍኜ ነው ያሳደግኋት።

ችግኞቹ ባሰባቸው... ሁለቱ ሞቱ።

አንድ ጠዋት ሲናን አዝዬ፣ በማንቆርቆሪያ የፈላ ውሃ ይዤ ወደ እናትዓለም ችግኞች ሄድሁ...

ላፈሰው ስል ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ።

«ለነሱ ነው ሻዩ? ስኳር ጨምረሽበታል?»

እናትዓለም ናት!

እያለቀስሁ የሆዴን ሁሉ ዘረገፍሁላት።

አልተሳደበችም። ማንቆርቆሪያውን ተቀበለችኝና «እስኪ ያንችን ችግኞች አምጫቸው» አለች።

ነጠላውን ስትገልጠው... «ውይ! በጨለማ ነው እኮ የገደልሻቸው!» አለችና ቀጠለች።

«አባቴ መሪጌታ ገብረ ሕይወት ጣና ላይ የገዳም አትክልት ያለሙ ነበር። የሎሚና የቡና ችግኝ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ያሞቁና ቀትር ሳይሆን ጥላ ያስገባሉ። እሳቸው ከመምህራቸው ተማሩ፣ መምህራቸውም ከመምህራቸው... ብርሃን ያጣ ችግኝ ይረዝማል እንጂ አይጠነክርም ይሉን ነበር።»

ከዚያ ጀርባዬ ላይ ያለችውን ልጅ አየች።

«ሲናንስ... ፀሐይ ታሞቂያታለሽ?»

«የሰው አይን ፈርቼ...» አልኋት።

«ወደ ቤትሽ የማየው እሷን ፈልጌ ነው። የኔም ትልቋ እንደዚህ ነበረች። ሸፍኜ ሸፍኜ እግሯ ተቆለመመ። ልነግርሽ ስል በር ትዘጊብኛለሽ...»

በዚያው ቀን አብራኝ ጤና ጣቢያ ሄደች።

ባለሙያዋ ሲናን መረመረቻት። «ፀሐይ በማጣት አጥንቷ ሳስቷል... ግን አልረፈደም» አለችኝ። መድኃኒት ሰጠችን፣ የጠዋት ፀሐይም አዘዘችልን።

ይኸው ሁለት ወር ሆነን።

ዛሬ ሲና ቀሚስ ጨብጣ ቆመች!

የኔን ቀሚስ አይደለም... የእናትዓለምን!

እውነቱን ልንገራችሁ? እንደዚያም ሆኖ ትንሽ ቀናሁ 😂

ትምህርቱ... ቅናት ሊረዳን የመጣውን ሰው ጠላት አድርጎ ያሳየናል። ጭንቀታችንን ስንደብቅ ደግሞ የሚጎዳው ልጃችን ነው።

እናንተስ... በር ዘግታችሁበት በኋላ ግን የደረሰላችሁ ሰው አለ? ስሙን ኮሜንት ላይ ጻፉለት... ምናልባት ያየው ይሆናል።