የኡርፖ ምት

የከበሮው በትር ከኡርፖ እጅ እንደገና አመለጠና ወለሉ ላይ ተንከባለለ። የሮክ ቡድኑ በፊንላንድ ከተማ ኩኦፒዮ አጠገብ ባለ፣ የቀረጻ ስቱዲዮ በሆነ አሮጌ የእንጨት መሰንጠቂያ ውስጥ የአዲሱን አልበም የመጨረሻ ዘፈን ከጠዋት ጀምሮ ሲቀዳ ነበር። ዘፋኟ ራይሊ ጎንበስ ብላ በትሩን አነሳች። ስትሰጠው እጁ ሲንቀጠቀጥ አየች፤ ማየቷንም እሱ አወቀ።

“ሐኪሙ ይህ እጄ እንደማይሻለው ከነገረኝ ቆየ” አለ ኡርፖ ቀስ ብሎ። “አልበሙ ይለቅ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።”

ከመስታወቱ ጀርባ የድምፅ ባለሙያው፣ “ከበሮውን በኮምፒውተር እንሥራው፤ ማንም አይለየውም” አለ።

ራይሊ ደክሟት ነበር። ጉሮሮዋ ተዘግቷል፤ እሺ ብላ ቤቷ ገብታ ብትተኛ በወደደች። ኡርፖ ጃኬቱን አነሳ።

“ልክ ነው፤ እኔን አትጠብቁ።”

“ተቀመጥ፣ አንተ ግትር!” አለችው። “በየገጠሩ ዳንስ ቤት ግጥሙ ሲጠፋኝ ስንቴ ጠብቀኸኛል?” ወደ መስታወቱ ዞረች። “ጆሯችን ላይ ምት የሚቆጥረውን መሣሪያ አጥፋው። በኡርፖ ምት ነው የምንሄደው።”

ኡርፖ እየተደናቀፈ፣ በዝግታ ጀመረ። ጊታሩ ተከተለው። ለፈጣን ምት የተሠራው ዘፈን ደረጃ እንደሚወጣ ሽማግሌ ማዝገም ያዘ፤ ራይሊም ትንፋሿን የምትሰበስብበት ጊዜ አገኘችና ቀኑን ሙሉ እምቢ ያላት ድምፅ ወጣላት።