ጅራቱ የማን ነው?

ጓልቲዬሮ ቱሪን ከተማ ውስጥ የመኪና ቅርፅ መሥራት ከጀመረ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። ዘጠኝ መኪና ወልዷል። ዘጠኙም ላይ የተጻፈው ግን የአሠሪው የሲኞር ካሶላ ስም ነው። ሰው መንገድ ላይ ቆሞ «አቤት! ይሄ ካሶላ እንዴት ያለ እጅ አለው!» ሲል እየሰማ ጥርሱን ነክሶ ያልፋል። ካሶላ እንኳን መኪና ድመት መሳል አይችልም።

ዘንድሮ ካሶላን ምን እንደነካው እንጃ፣ ቃል ገባ። አንድ ሙሉ መኪና በጄሶ ይሠራል፤ ግራ ጎኑን ጓልቲዬሮ፣ ቀኝ ጎኑን ከሚላኖ የመጣው ኢላሪዮ ይቀርጻሉ። ደንበኛው የመረጠው ጎን ያሸንፋል፤ የቀራጩም ስም ከካሶላ ስም አጠገብ ኮፈኑ ላይ ይጻፋል።

የጄሶው መኪና ባለ ጎማ አልጋ ላይ ተቀምጧል። ድንኳን የሚያህል መጋረጃ ከጣሪያ ወርዶ አዳራሹንም መኪናውንም መሃል ለመሃል ከፍሏቸዋል። ሁለቱም በየራሳቸው በር ሲገቡ የመኪናው አፍንጫ ይቀበላቸዋል። መጋረጃውን ተሻግሮ ያየ ከውድድሩ ይባረራል።

የጓልቲዬሮ ተስፋ ጅራቱ ነበር። የኋላው ፓራፋንጎ እንደ ዓሣ ጀርባ ለስለስ ብሎ ይወርድና መጨረሻው ላይ ቀና ይላል። ሦስት ወር ሙሉ ለፋበት፤ ሦስት ወር ሙሉም ምሳ ቤት ውስጥ ስለ እሱ አወራ።

ደንበኛው በሚመጣበት ቀን ረፋዱ ላይ የፅዳት ሠራተኛዋ ማዳሌና ባልዲዋን አንጠልጥላ ገባች።

«ማስትሮ፣ እስቲ ዘወር ይበሉልኝ። ከሥሩ የጄሶ ዱቄት ተቆልሏል። ሲኞር ካሶላ ወለሉ መስታወት ይምሰል ብለዋል።»

«አሁን? እጄን ልታስቺኝ ነው?»

«ታዲያ ደንበኛው ጫማውን አውልቆ ይግባ?»

«ለምሳ ስወጣ እንደፈለግሽ አድርጊው! አሁን ጥፊልኝ!» አለና ቀይ እርሳሱን አልጋው ጠርዝ ላይ ወረወረ።

«እሺ፣ አይቆጡ፤ ጄሶ ሆነው ይቀራሉ» ብላ እያጉረመረመች ወጣች።

የስድስት ሰዓት ፊሽካ ተነፋ። ምሳ ቤት ኢላሪዮ ቀይ ወይኑን እያንቃረረ ከማዶ ጮኸ።

«ማስትሮ! ጅራትዎን ቆልፈው ነው የወጡት?»

ቤቱ በሳቅ አውካካ። ሾርባው ጓልቲዬሮን ትን አለው። ይሄ ልጅ ስለ ጅራቱ ምን አገባው? ምን አይቶ ነው? ማንኪያውን ወርውሮ ተነሣ።

«ኧረ ሾርባው ይቀዘቅዛል!» አለ ኢላሪዮ።

አዳራሹ ጭር ብሏል። ጓልቲዬሮ ግራ ቀኙን አየና በኢላሪዮ በር ሹልክ አለ። እርጥቡ ወለል ሊጥለው ነበር፤ ግድግዳ ይዞ ተረፈ። ቀና ሲል ዓይኑ ከጅራቱ ጋር ተላተመ።

ጅራቱ! ያው አወራረድ፣ ያው ቀና ማለት! በጣቱ ዳሰሰው፤ አንድም የጎደለ የለ። አልጋው ጠርዝ ላይ ቀይ እርሳስ ተቀምጧል።

«እርሳሴ ሳይቀር! አንተ ሌባ፣ እርሳሴን እንኳን አልተውክልኝም!»

ለካሶላ ልንገር ብሎ ሁለት እርምጃ ሄደና ቆመ። «አንተስ ምን ልትሠራ ተሻገርክ?» ቢለውስ? ሌባው ቀርቶ እሱ ሊባረር ነው። ዝም ቢልስ? ደንበኛው ሁለት አንድ ዓይነት ጅራት ሊያይ፣ ሽማግሌው ከወጣቱ ሰረቀ ሊባል ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ዝም ብሏል። አሁንስ በቃ!

ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የጄሶ መፋቂያ መንጭቆ ጅራቱ ላይ ወረደበት። የዓሣው ጀርባ ተገመሰ፤ ቀና ያለው ጫፍ ወለሉ ላይ ተፈረከሰ። ጭራሽ ጅራት ነበረው ወይ እስኪባል ድረስ ፋቀው። ላቡን በክንዱ ጠርጎ፣ ከስንት ዓመቱ፣ ፈገግ አለ።

በሩ ተከፈተ። ማዳሌና ሁለት አናጢዎች አስከትላ ገባች።

«እንኳን መጡ ማስትሮ፤ ሥሩን ልናጥብ ስንገፋው መኪናው ዞሮብን ነው፣ በሉ ያዙልን፣ የእርስዎን ጎን ወደ ቦታው እንመልሰው።»