ለዮርዲ የተሠራ ጸጥታ

ወገዳ ውስጥ ከሸሪፍ ወፍጮ ቤት ጎን የምትኖረው ትርሲት፣ ባሏ ክንዱ ልጃቸውን ይዞ ባሕር ዳር ሐኪም ዘንድ ከሄደ ወዲህ እጇ ከጭቃ አልወጣም።

ልጅቷ ዮርዳኖስ ሰባት ዓመቷ ነው። ጆሮዋ ደህና ነው፤ ችግሩ አብዝቶ መስማቱ ነው። ወፍጮው ሲነሳ ጆሮዋን ይዛ ግንባሯን ከግድግዳ ጋር ታጋጫለች። የትምህርት ቤቱን ደወል ስላልቻለች ወደ ቤት መልሰዋታል። እፎይ የምትለው ባዶው የእህል ጎታ ውስጥ ገብታ ስትቀመጥ ብቻ ነው።

የሄዱ ዕለት ዮርዲ ቀይ ኮንጎ ጫማዋን አድርጋ ደጅ ስትጠብቅ፣ ክንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አርብ እንመለሳለን። እስከዚያ ይህ ጩኸት መላ ካልተገኘለት ገጠር እኅቴ ዘንድ አስቀምጣታለሁ። ግንባሯ እስኪፈርስ ቆሜ አላይም» አላት።

ትርሲት ነገሩን ከጎታው ተማረች። ጓዳውን ጭድ በበዛበት ጭቃ ደጋግማ መረገችው። ከቆርቆሮው ሥር ገለባ ጠቀጠቀች። ግድግዳውን የበግ ጠጉር ዝተት አለበሰችው፤ ከበሩ ግርጌ ያሮጌ ጎማ ቁራጭ ቸነከረች። መስኮት ያለው ጎታ ሆነ። ያም ሆኖ ወፍጮው ሲነሳ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል።

ስለዚህ ልመና ወጣች።

«ጭስ ማውጫውን ወደ ገደሉ አዙርልኝ፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ሞተሩን አሳርፈው» አለችው ሸሪፍን።

«ትርሲትዬ፣ ወፍጮ እኮ በሹክሹክታ አይፈጭም።»

ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ሳቁ። ጎረቤቷ ገነት፣ «ነገ ደግሞ የዶሮዎቻችሁን አፍ እሰሩልኝ ትለናለች» አለች።

መሪጌታ ባዩንም ለመነች። የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ አፉ ወደ እሷ ቤት ነው።

«ትንሽ ወደ ዳገቱ ቢያዞሩልኝ፣ መሪጌታ።»

«ዳገቱ ላይ ማን አለና ነው፣ ልጄ? ይልቅ ጠበል ውሰጃት።»

ሐሙስ ከቀትር በኋላ ወፍጮው ድንገት ቆመ።

ትርሲት ናፍጣ ያለቀበት መስሏት ወጣች። ያልተፈጨው እህል በየጆንያው እንደተደረደረ ነው። ስለ ባሕር ዳሩ መንገድ ያወሩ የነበሩ ሰዎች ሲያዩዋት ዝም አሉ። ሸሪፍ የእጁን ዱቄት እያራገፈ ወደ እሷ መጣ።

«ዛሬም ነገም አላስነሳውም» አላት።

«ለዮርዲ ብለህ ነው?»

መሬት መሬት እያየ፣ «አዎ፤ ለእሷ ብዬ ነው» አለ።

አመሻሹ ላይ ድምፅ ማጉያውም አልተሰማም። መሪጌታ በደጇ ሲያልፉ ቆም አሉ። «ዘግተነዋል፣ ልጄ» አሏት። «ቀድሞ ማድረግ ነበረብን።»

ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። ለክንዱ ልታበስረው ብትደውል አይገባም።

«ኔትወርክ ነው» አለች ገነት፣ ትኩስ ሽሮ ይዛ ገብታ። «ወዲህ በይው፣ እኔ ልሞክርልሽ።» ስልኩን ተቀብላ ኪሷ ከተተችው፤ አልመለሰችውም። «አሁን ብዪ። ደህና አድርገሽ ብዪ።»

«ምነው፣ የማን ድግስ ነው?»

ገነት አልሳቀችም። «ቤቴን ቁንጫ ወሮታል፤ ዛሬ አንቺ ዘንድ ነው የማድረው» አለች።

«ዶሮዎችሽስ?»

«አፋቸውን አስሬ መጣሁ» አለችና ፊቷን ወደ እሳቱ አዞረች።

ትርሲት ጓዳ ገብታ የልጅቷን መደብ አነጠፈች። ቆማ አዳመጠች። ምንም የለም። ሰፈሩ ሁሉ ትንፋሹን ውጦ ልጇን የሚጠብቅ መሰላት። የዚያን ዕለት፣ ከስንት ጊዜ በኋላ፣ እንቅልፍ ሳታስበው ወሰዳት።

ጎህ ሲቀድ በሩ በቀስታ ተንኳኳ። ከፈተች። ደጁ በሰው ተሞልቷል፤ መሪጌታ ባዩ፣ ሸሪፍ፣ የታችኛው ሰፈር ሰዎች ሳይቀሩ። ማንም አይናገርም። ዮርዲን ላለማስደንገጥ የተጠነቀቁ መሰላት። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ፈገግ አለችላቸውና ልጇን በዓይኗ ፈለገች።

ከሁሉም ኋላ ክንዱ ቆሟል፤ ግራ እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ በቀኙ የያዘው ቀዮቹን ኮንጎ ጫማዎች ብቻ ነው።