በሩን ሲቧጭር የነበረው

"እንዳትከፍቱ..."

የጸሎት መሪው የቤቱን በር ቆልፎ በጀርባው ተደግፎ ቆመ።

መብራት ከጠፋ ቆይቷል። ሳሎኑ ውስጥ ያለችው አንዲት ሻማ ብቻ ናት። የጸሎት ቡድኑ አባላት ትንፋሻቸውን ውጠው ያዳምጣሉ...

ክርር... ክርር...

ሰው በር ያንኳኳል እንጂ አይቧጭርም። ይሄ ግን በጥፍሩ እየቧጨረ ነው።

ፍርሃታቸው ከመሬት የተነሣ አልነበረም። ከጥቂት ቀናት በፊት በዚሁ ሕንፃ፣ ታችኛው ፎቅ ላይ ብቻዋን የምትኖር ሴት "እርዱኝ" የሚል ድምፅ ሰምታ በሯን ከፈተች... በጩቤ ተወጋች። ሰውየው አልተያዘም። የዚያን ምሽትም የተሰበሰቡት፣ ከሆስፒታል ወጥታ ቤቷ ለተኛችው ለእሷ ሊጸልዩ ነበር።

"ማነው?" አለች ከዘማሪዎቹ አንዷ።

ከውጭ የመጣው ፊሽካ የመሰለ ቀጭን ድምፅ ብቻ...

"እማማን እንቀስቅሳቸው እንዴ?"

"ተያት፣ ጓዳ ተኝታለች። እናቴን እንዳታስደነግጡብኝ" አለ መሪው። ከዚያ ጆሮውን ወደ በሩ አስጠጋ። "ይሄ የሰው ድምፅ አይደለም፤ ርኩስ መንፈስ ነው። ተነሡ፣ እንገሥጸው።"

ሁሉም ተነሡ።

"በስሙ ከዚህ በር ራቅ..."

"በስሙ ሂድ..."

እነሱ ድምፃቸውን ከፍ ባደረጉ ቁጥር የበሩ ድምፅ ወደ ታች ወረደ። መጀመሪያ በእጀታው በኩል ነበር... ቀጥሎ በጉልበት ቁመት... አሁን ከወለሉ አጠገብ ነው።

"በአራት እግሩ ነው የሚሄደው" አለች ዘማሪዋ፣ የጎረቤቷን ክንድ ጨምድዳ።

አንድ ሰው ግን አብሯቸው አልጮኸም።

ፀጉር አስተካካይ ነው፤ የመሪው ሚስት ወንድም። ስም አውጥተውለታል... "ለብታ"። ሲዘመር እጁን አያነሣም፣ ሲጸለይ አያለቅስም፣ አሜን እንኳ የሚለው ለራሱ ነው። ትኩስም አይደለም፣ ቀዝቃዛም አይደለም ለማለት ነው። እሱ ስቆ ያልፈዋል። "ለፀጉር ማጠቢያ የሚመቸውኮ ለብ ያለው ነው" ይላል።

አሁን ግን አልሳቀም። ከጥግ ጃንጥላ አንሥቶ ወደ በሩ መጣ። ጃንጥላው ይንቀጠቀጣል።

"መንፈስ በጃንጥላ ልትመታ ነው?" አለው መሪው።

"ጋሼ፣ ዞር በልልኝ።"

"እምነት ከሌለህ ተቀመጥ። በአንተ ጥርጣሬ ቤቴን አላስደፍርም።"

"እኔም ፈርቻለሁ። ግን ክፉ ሰውም ሆነ መንፈስ ሲከለክሉት ይብስበታል እንጂ እንዲህ አይደክምም። ስማው... እየደከመ ነው። ወደ ታች የወረደውም የሚወድቅ ሰው ስለሆነ ነው።"

"ቢያታልልህስ?"

"ቢያታልለኝ እኔን ነው። እናንተ ከኋላዬ ዝጉት።"

መሪው አልተንቀሳቀሰም። ለብታ በትከሻው ገፋ አደረገውና ቁልፉን አዞረ።

ከኋላው አንዲቱ ሻማውን እፍ አለችው። ለምን እንዳጠፋችው እስካሁን ራሷም አታውቅም።

በሩ ተከፈተ...

በጨለማው ውስጥ አንድ ነገር እግሩ ላይ ወደቀ።

ለብታ ጃንጥላውን ጥሎ ጎንበስ አለ። እጁ ነጠላ ነካ። ቀጥሎ ሽበት... ቀጥሎ እንደ በረዶ የቀዘቀዘ ግንባር።

"ስልክ አብሩልኝ" አለ። "አብሩ እንጂ።"

አንዱ አበራ።

የመሪው እናት ናቸው።

ጓዳ ተኝተዋል የተባሉት እናት። ከንፈራቸው ጠቁሯል። ያ ፊሽካ የመሰለው ድምፅ ከደረታቸው ነው የሚወጣው። አስም አለባቸው፤ አሳንሰሩ መብራት ስለሌለው ደረጃውን በእግራቸው ወጥተው በሩ ጋ ሲደርሱ ትንፋሽ አጠራቸው። ለማንኳኳት አቅም አልነበራቸውም። ለመጣራትም ድምፅ አልነበራቸውም።

"መድኃኒቷ..." አለ መሪው። "የሚነፋው መድኃኒቷ..."

ሁልጊዜ የሚቀመጠው ሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ ነበር። እንግዶች ከመምጣታቸው በፊት ጠረጴዛው እንዲያምር ብሎ መሳቢያ ውስጥ የከተተው ራሱ ነው። የትኛው መሳቢያ እንደሆነ ጠፋው። አንዱን ስቦ ይዘረግፋል፣ ሌላውን ስቦ ይዘረግፋል... ከበሩ ለብታ ይጣራል፤ "ጋሼ ቶሎ... ጋሼ እየተዉን ነው..."

ተገኘ።

አንድ ጊዜ ነፉላቸው። ምንም የለም።

ደገሙ...

ሦስተኛው ላይ ደረታቸው ከፍ አለ።

በማግስቱ ልጅየው ከአልጋቸው ሥር ተንበርክኮ፣ "እማዬ፣ በዚያ ሰዓት የት ሄደሽ ነው?" አላቸው።

"ያቺ የተወጋችው ልጅ ጋ። ብቻዋን እኮ ናት። ሾርባ ላጠጣት ወረድኩ።"

"ሳትነግሪኝ?"

"ልነግርህ ነበር... ሁላችሁም ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስለ እሷ ትጸልያላችሁ። ልረብሻችሁ አልፈለግኩም።"

መሪው አንገቱን ደፋ። ሊጠይቅ የፈራውን ጠየቀ።

"እማዬ... ውጭ ሆነሽ ትሰሚን ነበር?"

እናት የልጃቸውን ራስ ዳበሱ።

"እሰማ ነበር እንጂ ልጄ። ሌላው ቃል አልለይ አለኝ... ‘በስሙ’ ስትል ግን ሰማሁ። ስሙን ከጠራማ አሁን ይከፍትልኛል ብዬ ተጽናናሁ።"

...

ይህን ታሪክ ስጽፍ በመሪው ላይ ለመፍረድ እጄ አልደፈረም። ጩቤ የያዘው ሰው እውነት ነበር፤ ለብታም ቢሆን እየተንቀጠቀጠ ነው የከፈተው። ስለዚህ መፍራት እምነት ማጣት ነው አልልም። እኔ የገባኝ ይህ ነው... አንዱ ስሙን እየጠራ በሩን ቆለፈበት፤ ሌላው ስሙን በልቡ ይዞ ከፈተው። ከውጭ ላለው ሰው እምነታችን የሚታወቀው በድምፃችን ከፍታ ሳይሆን በቁልፉ መዞር ነው።

እናንተስ ያን ምሽት ሳሎኑ ውስጥ ብትኖሩ፣ ከጮኹት ጋር ነበራችሁ ወይስ ከጃንጥላው ጋር? እውነቱን ጻፉልኝ... እኔ ለራሴ ገና አልመለስኩም።