የአመለወርቅ ኪሎ ሜትሮች

የግዛቸው ሞተር ብስክሌት ከተገዛ ገና ሦስት ዓመቱ ነው፤ መልኩ ግን ሆን ተብሎ የድሮ ተደርጎ ተሠርቷል፤ ክብ መብራት፣ ቡናማ የቆዳ መቀመጫ፣ የሚያብረቀርቅ ኒኬል። ዘወትር እሑድ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ይጋልብበት ነበር።

ሕጉ አንድ ሰው በዕድሜ ዘመኑ በመኪናም ሆነ በሞተር ሃያ ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ እንዲጓዝ ይፈቅዳል። ግዛቸው የራሱን ቀድሞ ጨረሰ። ከዚያ ወዲህ ሚስቱ አመለወርቅ ከራሷ ድርሻ ትሰጠው ነበር። የተሰጠ ደግሞ አይመለስም።

“እኔ የት እሄዳለሁ ብለህ ነው?” ትለዋለች።

አንድ ማለዳ ዲላ ያለችው እህቷ በጠና መታመሟን ሰሙ። አመለወርቅ ነጠላዋን አጣፍታ ከኋላው ተቀመጠች። ሞተሩ አልነሳም አለ። “ከኋላ የተቀመጡት ተሳፋሪ፣ የጉዞ ፈቃድዎ አልቋል” የሚል ጽሑፍ በራ።

“መቼ ነው ያለቀው?” አላት።

“ባለፈው እሑድ፣ የቀረኝን ሁሉ ስሰጥህ። ደስ ብሎህ ስለነበር አልነገርኩህም።” ወረደች። “አንተ ሂድ። በእግሯ እየመጣች ነው በላት።”

ሄደ። መንገድ ላይ ሞተሩ እንደ ወትሮው በእጁ ቀለለው፤ ይህም አሳፈረው። እህቲቱ እጁን እንደያዘች፣ ዓይኗን ከበሩ ሳትነቅል በማግስቱ አረፈች።

አመለወርቅ በአራተኛው ቀን እያነከሰች ደረሰች። ግዛቸው የሚናገረውን እያሰላሰለ ደጅ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። እሷ ግን በትከሻው በኩል ግቢውን አሻግራ አየች። የእህቷ ቀሚሶች በሙሉ ታጥበው ገመዱ ላይ ተሰጥተዋል።

“ሁሉንም አጠቧቸው? ጠረኗ ያለበት አንድ እንኳ አላስቀሩልኝም?” አለችና እዚያው አፈሩ ላይ ተቀመጠች።