ስለ "አንበሳው" የተጻፈው

ብርሃኔ ከመርካቶ ተመልሳ ሻዩን ልታስቀምጥለት ጎንበስ ስትል፣ ልጇ ስልኩ ላይ ሲጽፍ አየችው። በኢንተርኔት ፖከር የሚሉትን የካርታ ጨዋታ እየተጫወተ ነበር። ቁማር መሆኑን ካወቀች ወዲህ ለእመቤታችን ስትነግር ከርማለች፤ ይሄኛው ግን አዲስ ሆነባት። "አንበሳው" ከሚለው የተጫዋች ስም ሥር "ገንዘብ ሲበላበት ይናደዳል፤ ተናዶ ያለውን ሁሉ ያስይዛል፤ ያኔ ጠብቀው" ይላል።

"የማታውቀውን ሰው ነው እንዲህ የምታማው?"

"ሐሜት አይደለም እማ። ማስታወሻ ነው፤ ሁሉም ይጽፋል።"

"አሁንስ ተናዷል?"

"በጣም። ያለችውን በሙሉ አስይዟል፣ የኔ ካርታ ደግሞ ጥሩ ነው።" ጣቱ ስልኩ ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

ቁጣው አፏ ድረስ መጣ። የሰውዬው ልጆች እራት ብትሆንስ ያቺ ገንዘብ? ግን ልጇ ጢም ካወጣ ወዲህ በቁጣ መልሳው አታውቅም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ዝም ብላ አየችው። ለመወሰን የተሰጠው ሰዓት እየቆጠረ ይወርዳል።

"በይ ተናገሪ እንጂ" አላት።

አልተናገረችም። አንዴ ስልኩን፣ አንዴ እሷን አየና በረጅሙ ተነፈሰ። ካርታውን ጥሎ ዙሩን ለቀቀለት። ሰውዬው ገንዘቡን መልሶ ሰበሰበ።

"ስለኔ ብትጽፍ ምን ትል ነበር?" አለችው።

"'ስትቆጣ አትፍራት፤ ዝም ካለች ግን ካርታህን ጥለህ ተነስ' ነዋ።"

ብርሃኔ ሳቋን እንዳያይባት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።